ብብቷ የጠቆረ ወፍ

አንድ የባሕር ዳርቻ መንደር ነበር። ባሕሩ በሚረጋበት ወራት የመንደሩ ወንዶች ከፊት ለፊታቸው ወዳለችው ደሴት ተሻግረው ይሰፍራሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ያጠመዱትን ጨው ነስንሰው በፀሐይ ያደርቃሉ። ደሴቲቱ ዓሣ እንጂ ውሃ የላትም። የሚጠጡት ውሃ በበርሜል እየተሞላ በጀልባ የሚሄድላቸው ከመንደሩ ነው።

ያ ባሕር አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው። ወራቱ ሲለወጥ ነፋስ ይነሳል፤ ጥቂት ቀን ሲያናውጥ ይቆይና ድንገት ጸጥ ይላል። ጸጥታው አንዳንዴ እውነተኛ ነው፤ ነፋሱ አልፏል። አንዳንዴ ግን ነፋሱ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው፤ ከመጀመሪያው ብሶ ይመለሳል። ባሕሩን ብቻ አይቶ ይህን ከዚያ የሚለይ ሰው አልነበረም። የሚያስታውቁት በዚያ ወቅት ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚጓዙ ወፎች ናቸው። አንደኛዋን የመንደሩ ሰው «እፎይ» ይላታል፤ እሷ ከመጣች ነፋሱ አልቋል። ሌላዋን «ወጀቤ» ይላታል፤ እሷ ከመጣች ወጀቡ ከኋላዋ ነው።

ችግሩ የሁለቱ መመሳሰል ነው። በደህናቸው ጊዜ እፎይ ጀርባዋ ላይ ወርቅ፣ ወጀቤ ደግሞ ብር የነሰነሱባት ትመስላለች ይባላል። መንገድ ግን ጌጥ ያስጥላል። ዳርቻው ላይ ሲያርፉ ሁለቱም አቧራ የለበሱ፣ አንገታቸውን የቀበሩ እንግዶች ናቸው። ድምፃቸው ይለያያል፤ አርፎ የደከመ ወፍ ግን አይጮህም። የማይዋሽ ምልክት አንድ ብቻ ነበር። የወጀቤ ብብት ጥላሸት የተቀባ ያህል ጥቁር ነው፤ የእፎይ ነጣ ያለ ነው። ይህም ወፏ ክንፏን ካላነሳች አይታይም።

ወፎቹን እየለየ ለመንደሩ የሚናገረው ሁመድ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ዓይኑ ሲደክም ሥራውን ለልጁ ለሩቂያ አስረከበ። ራሱም «ዓሣ ለመገልበጥ ዓይን አያስፈልግም» ብሎ ከወጣቶቹ ጋር ወደ ደሴቲቱ ተሻገረ።

በዚያ ዓመት ነፋሱ ያለ ጊዜው መጣ። ውሃ የጫነችው ጀልባ ልትነሳ ስትሰናዳ ማዕበሉ ወደ አሸዋው መልሶ ወረወራት። ከዚያ በኋላ ማንም ሊሻገር አልቻለም። በየቤቱ ያሉት ሴቶች በደሴቲቱ ላይ የቀረውን ውሃ በልባቸው ይለኩ ጀመር። ውሃ በቀዱ ቁጥር እጃቸው ይከብዳቸዋል። ሩቂያም አባቷን እያሰበች ማሰሮውን ሳትነካ የምትውልበት ቀን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት መንደሩ ሲነቃ ነፋሱ የለም። ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቷል። ሰው ሁሉ ወደ ዳርቻው ሮጠ። ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ውሃው ሸሽቶ ባጋለጠው ጭቃ ላይ፣ ጥቂት ወፎች ባንድ እግራቸው ቆመው ነበር።

«እፎይ ናት!» አለ አንዱ። «እፎይ! እፎይ!» እያለ ሰው ሁሉ ተቀበለው። የጀልባዎቹ አለቃ ሲራጅ በርሜሎቹን ማስጫን ጀመረ። ሲራጅ አዋቂና የተከበረ ሰው ነው። የበኩር ልጁ ጀማል እዚያው ደሴት ላይ ነበር።

«ሩቂያ፣ ልጄ፣ በይ ተናገሪና እንነሳ» አላት።

ሩቂያ እጇን ከግንባሯ ላይ አድርጋ አየች። የወፎቹ ጀርባ ወርቅ ወርቅ ይላል። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ደረሰ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ጭቃው መለሰች፤ ጭቃውም ወርቅ ወርቅ ይላል። የጀልባው ገመድም፣ የሲራጅ ጢምም እንዲሁ። የጠዋት ፀሐይ ያልቀባችው ነገር አልነበረም። ሩቂያ በራሷ ደነገጠች። አባቷን የምትመልስላትን ወፍ ነበር ያየችው።

«ጋሽ ሲራጅ፣ ገና አላወቅሁም» አለች።

«ምኑን ነው የማታውቂው? ሁላችንም እያየን!»

«ክንፏን አላነሳችም።»

«እስክታነሳ ልንጠብቅ ነው? እነሱ እዚያ ውሃ እየጠጡ የሚጠብቁን መሰለሽ?»

እውነቱን ነበር። መጠበቅም ይገድላል። ሩቂያ ይህን ስለምታውቅ ቆማ አልጠበቀችም። ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ አሰረችና ወደ ጭቃው ገባች።

ጭቃው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷን፣ ከዚያ ጉልበቷን ያዘ። እግሯን ለመንቀል በእጇ እየሳበች ሄደች። ወፎቹ ደክመዋል፤ ቀረብ ስትላቸው ከመብረር ይልቅ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ አሉ። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡትን ማስነሳት አሳዘናት። ግን ቀረበች፤ እጇንም አጨበጨበች።

ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሱ። ብብታቸው ጥቁር ነበር።

ሩቂያ የምታየውን ለመካድ ፈለገች። «ጥላ ይሆናል» አለች ለራሷ። ወፎቹ ዞረው በራሷ ላይ አለፉ፤ ፀሐይዋ ከታች እስከ ላይ አበራቻቸው፤ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ከዳርቻው ያን ያህል ርቃ ስለነበር ይህን ያየ ሌላ ሰው የለም። ያለችውን ሁሉ ያምኗታል። እፎይ ብትል ጀልባዎቹ አሁን ይነሳሉ፤ ባሕሩም ምናልባት፣ ምናልባት እስኪሻገሩ ይታገሣቸው ይሆናል። ጭቃው ውስጥ ቆማ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በጨዋማው ውሃ ታጥባ ተመለሰች።

«ወጀቤ ናት» አለች።

 ሲራጅ ቀስ ብሎ፣ «ደግመሽ አይተሻል? አባትሽ እኮ እዚያ ነው» አላት።

«ደግሜ ያየሁት እሱ እዚያ ስላለ ነው።»

ሲራጅ መቅዘፊያውን አሸዋው ላይ ጣለ፤ በጥምጣሙ ጫፍ ፊቱን ሸፍኖ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሰዓታት ሩቂያን ከጭቃው በላይ ከበዷት። ባሕሩ ጠዋቱን በሙሉ ተኝቶ ዋለ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስም እንደተኛ ነው። አንዷ ሴት ሕፃን ልጇን ታቅፋ መጣችና፣ «የዚህን አባት በጠራ ቀን በጥም ገደልሽው!» ብላ ፊቷ ላይ ጮኸችባት።  ወጣት ቀዛፊዎች ሳይፈቀድላቸው አንዲቱን ጀልባ ወደ ውሃው ገፉ። ሲራጅ ተነስቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ፤ «ከልጄ ሌላ እናንተንም ልቅበር?» አላቸው።  እሱ ራሱ ያመናት ይሁን ያላመናት ከፊቱ ማንበብ አይቻልም ነበር።

ጥላ ሲረዝም በሰሜን በኩል ሰማዩ ቡናማ ሆነ። ነፋሱ አሸዋውን አንስቶ የቤቶቹን ጣሪያ ነቀለ። ጀልባዎቹ ጠዋት ተነስተው ቢሆን ኖሮ ደሴቲቱ ሳይደርሱ ገና ባሕሩ ላይ በሆኑ ነበር። ሰው ሁሉ ይህን አወቀ፤ ግን ማንም ወደ ሩቂያ ቤት ሄዶ አላመሰገናትም። እሷም ምስጋና አልጠበቀችም። ትክክል መናገሯ ለአባቷ አንድ ጉንጭ ውሃ አላደረሰለትም። ነፋሱ በነፈሰባቸው ቀናት ሁሉ፣ «እውነት ተናግሬ ገደልኳቸው ወይስ አዳንኳቸው?» እያለች ራሷን ትጠይቅ ነበር።

በመጨረሻ ባሕሩ ዳግመኛ ተኛ። ወፎችም መጡ። ሩቂያ ጭቃው ውስጥ ገብታ ነጩን ብብት በዓይኗ አየች፤ ተመልሳም «እፎይ!» አለች። ይህን ጊዜ ማንም እልል አላለም። በርሜሎቹን ጭነው ቀዘፉ። ሩቂያም አብራቸው ተሳፈረች።

ደሴቲቱ ላይ ሲደርሱ ሰዎቹን በሸራ ጥላ ሥር ተኮልኩለው አገኟቸው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ዓይናቸው ጎድጉዷል፤ ግን ነፍስ አላቸው። አንድ ሰው ብቻ ከመካከላቸው አልነበረም። ሽማግሌው ሁመድ ከሦስት ቀን በፊት አርፎ ከፍ ባለው አሸዋ ላይ ተቀብሯል።

ጀማል ውሃ ከቀመሰ በኋላ ሩቂያን አስጠርቶ ነገራት።

«ያን የጠራ ቀን በርሜሉ ውስጥ ትንሽ ውሃ ቀርቶን ነበር። ጀልባ ሳይመሽ ይደርሳል ብለን ልንጠጣው ተሰበሰብን። አባትሽ ግን ወፎች በላያችን ሲያልፉ ድምፃቸውን ሰማ። ‹ወጀቤ ናት፤ ዛሬ ጀልባ አይመጣም፤ በርሜሉን ክደኑት› አለን። እኛም ‹አንተ እዚህ ሰምተህ ይሆናል፤ ልጅህ እዚያ ብትሳሳትስ? ወይ ደግሞ ለአንተ ብላ ብትልካቸውስ?› አልነው። ሳቀብን። ‹ልጄን አውቃታለሁ። ለእኔም ብላ ያላየችውን አየሁ አትልም› አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃውን በዛጎል እየለካን ጠጣን። እሱም ድርሻውን ጠጥቷል፤ አልነፈግነውም። ግን ጥሙ እርጅና ላይ ተደርቦ መጣበት።»

ሲራጅ ይህን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «የሽማግሌው ጆሮ አተረፋችሁ» አለ።

«ጆሮውማ የወፏን ነገር ነገረው» አለ ጀማል። «ጀልባ እንደማይመጣ ግን እንዴት አወቀ? በእሷ ተማምኖ ነው። እሷ ሌላ ዓይነት ሰው ብትሆን ኖሮ ያን ቀን እንጠጣው ነበር፤ ዛሬ የሚቀበላችሁም አይኖርም ነበር።»

ሩቂያ መቃብሩ አጠገብ ብዙ ተቀመጠች። ጀልባዎቹ ሊመለሱ ሲሰናዱ ሲራጅ ራሱ መጥቶ እጇን ይዞ አነሳት። ሕፃን ታቅፋ የጮኸችባት ሴት ባል በጀልባው ውስጥ ቦታ ለቀቀላት።

ወዳጆቼ፣ ብዙ ጊዜ ዓይናችን የሚያየው ልባችን የተራበውን ነው። የምንጓጓለትን ነገር መምሰል የጀመረውን ሁሉ ቶሎ ስም እናወጣለታለን፤ ሰው እንሾማለን፣ ወሬ እናጸድቃለን፣ ደህና ቀን መጣ ብለን እናውጃለን። «ገና አላወቅሁም» ማለት የሚከብደንም ጊዜው በጠበበና የምንወደው ሰው በተጨነቀ ሰዓት ነው። ሆኖም «አላወቅሁም» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም እውነተኛነት አይደለም፤ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ማወቅን ይጠይቃል። እውነቱን የተናገረ ሰው ደግሞ ወዲያው አይመሰገንም፤ አንዳንዴም ኀዘኑ አይቀርለትም። ግን ቃላችን የሚደርሰው ፊት ለፊታችን ለቆሙት ብቻ አይደለም።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ የእኛን ድምፅ ከማይሰማበት ሩቅ ቦታ ሆኖ፣ «እኔ አውቀዋለሁ፤ እሱ ያላየውን አየሁ አይልም» ብሎ ሕይወቱን በእኛ ላይ ሊያሳርፍ የሚችል አንድ ሰው አለን?