የተዘቀዘቀው ኩታ

አንድ ጨው ነጋዴ ነበረ፤ የቆላ ሰው። በየዓመቱ ወደ ደጋ ሲወጣ የሚያድረው አንድ ሸማኔ ቤት ነበር። አቤት ያ ጊዜ! እንግዳ እንደ ቤት ሰው ነበር፤ ዛሬ ማን ደጁን ይከፍታል? ብቻ ነጋዴው የደጋውን ኩታ ወደደ። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ኩታውን ለብሶ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ከሩቅ አይቶ፣ ማማሩ ከልቡ አልወጣ አለው።

ሸማኔው ልጁን ሲድር ነጋዴውን ጠራው። ነጋዴውም ከገበያ ኩታ ገዛ፤ ያን ቀን እንዳየው አድርጎ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቱ አዙሮ ለበሰና ደስ ብሎት ዳሱ ገባ። ለካስ ያን ቀን ያየው ለቀስተኛ ኖሯል! በዚያ አገር ጥለቱ ወደ ላይ የሚዞረው ሰው ሲሞት ነው። ምን ያስቅሻል ማንጠግቦሽ? ስሚኝ እንጂ!

ዘፈኑ ቀጥ አለ። የሸማኔው ሚስት፣ «ኧረ በስመ አብ! በልጄ ሠርግ ሟርት ይዘህ ትመጣ?» ብላ ጮኸች። ነጋዴው ደነገጠ፤ አፈረም። «በገንዘቤ የገዛሁት ነው፤ እንዳሻኝ ብለብሰውስ?» ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ብሎት ቢሆን ያ ቤትም ያ ወዳጅም በዚያው ባበቃለት። ዋጥ አደረገው። ኩታውን አውልቆ ለሸማኔው ዘረጋለትና፣ «ወንድሜ፣ አላወቅሁም፤ አንተ አልብሰኝ» አለው።

ሸማኔው ጥለቱን ወደ ታች መልሶ አለበሰው። ሴትዮዋም እንባዋን ጠርጋ ሳቀች፤ ዘፈኑም ቀጠለ።

ዓመታት አለፉ። ነጋዴው እንደ ልማዱ ደጋ ሲወጣ የሸማኔውን ሞት መንገድ ላይ ሰማ። መንደሩ ዳር ሲደርስ አህዮቹን አቆመ፤ ማንም ሳይነግረው ኩታውን ዘቀዘቀና እያለቀሰ ገባ። የሟች ሚስት አየችው። «ዛሬስ አወቅህበት፤ ምነው ባላወቅህበት ኖሮ!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ማንጠግቦሽ፣ የሌላ አገር ሰው ልብስ ብለብስ ነውር ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ልብሱንማ ገበያው ይሸጥልሻል። ያ ነጋዴም የገዛው ዕለት የለበሰው መሰለው እንጂ ገና አልለበሰውም ነበር። አንቺም ደስ ካለሽ ልበሺ፤ ባለቤቶቹ «እንዲህ አይደለም» ያሉሽ ቀን ግን ከፍዬበታለሁ አትበያቸው። «አልብሱኝ» በያቸው። ለሠርጋቸው የለበስሽውን ደግሞ፣ ልጄ፣ ለለቅሷቸውም ለብሰሽው ሂጂ።