አስካለና አልመለስ ያለው መልቀቂያ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሥሪያ ቤት ሥርዓት» ብላችሁ ተቀበሉኝ።

አስካለ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። ኑሮዋ በአንዲት የቆላ ከተማ፣ ሥራዋ በአንድ የሻማ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከማሽን የወጣውን ሻማ እየደረደረች ካርቶን ውስጥ ታሽጋለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። በአስካለ አገር ልማድ ደግሞ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው።

የምትመኘው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቷ ቤት መታረስ። እናቷ የምትኖረው ከከተማው በላይ፣ አውቶቡስ ግማሽ ቀን ሙሉ እያቃሰተ የሚወጣው ዳገት ጫፍ ላይ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሰሙ ሲፈላና አየሩ ሲወፍር አስካለ ዓይኗን ጨፍና ወደዚያ ትሄዳለች። ከመጋረጃው ጀርባ መደቡ ላይ ትጋደማለች። በበሩ ስር የሚገባው የደጋ ብርድ እግሯን ይነካታል። እናቷ ደጅ ላይ ቆማ ጠያቂዎቹን «ቀስ በሉ እንጂ፣ ልጅ ተኝቷል!» እያለች ትቆጣለች፤ ከሁሉም በላይ የምትጮኸው ግን ራሷ ናት። ከዚያ ገንፎው ይመጣል፤ መሐሉ ላይ ቅቤ ተኝቶበታል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የፎርማኑ ፊሽካ ይነፋል፤ አስካለም ወደ ሻማዋ ትመለሳለች።

ምኞቷ ትንሽ ነበር፤ ያበላሸችው ራሷ ናት። ያበላሸችውም በክፋት ሳይሆን በይሉኝታ ነው። ለወራት እናቷ ቤት ተኝታ «ቦታዬን ያዙልኝ» ማለት አሳፈራት። እንግዳ እንኳ ሲሄድ ተሰናብቶ ነው አለችና ቁጭ ብላ ጻፈች፤ «ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በዚህ ወር መጨረሻ ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ የምለቅ መሆኑን አሳውቃለሁ።» መልቀቂያው እንዲህ ጨዋ ስለነበር የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ምትኩ ለሌላው ሠራተኛ ምሳሌ ይሁን ብለው ጮክ አድርገው አንብበውታል።

ነገሩ የተገለጠው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። አጠገቧ የምትሠራው ዘውድነሽ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ የምሳ ዕቃዋን ክዳን እንደያዘች ቀረች።

«ለቀቅኩ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ። ሳልሠራ ደመወዝ ልብላ እንዴ? ነውር አይደለም?»

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም! ሠራተኛ ስትወልድ ከመውለዷ በፊት አንድ ወር፣ ከወለደች በኋላ ሦስት ወር ከነደመወዟ ታርፋለች። የወሊድ ፈቃድ ይባላል። ሕግ ነው፤ ችሮታ አይደለም።»

«ታዲያ እኔም እወልዳለሁ አይደል?»

«ትወልጃለሽ። ግን ስትወልጂ ሠራተኛ አይደለሽም። ለለቀቀች ሴት ማን ይከፍላል?»

«ብወልድም?»

«መንታ ብትወልጂም!»

አስካለ እንጀራዋን አጠፈችና ክዳኑን ገጠመች። ባሏ ግንበኛ ነው፤ ሥራ ሲኖር ይልካል፤ ሥራ የሚኖረው ግን አልፎ አልፎ ነው። እናቷ ቤት ፍቅር ሞልቷል፤ እህሉ ግን እንደ ዘመኑ ነው። ያ ደመወዝ ከሌለ ከመጋረጃው ጀርባ የምትቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ አንገቱ ያልጠና ልጅ አዝላ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላው ትወርዳለች። «የጻፍኩት እኔ፣ የምመልሰውም እኔ» አለችና ተነሳች። በመሥሪያ ቤት እንዲህ ብሎ የተነሳ ሰው ቶሎ አይቀመጥም።

ወደ አቶ ምትኩ ሄደች።

«አቶ ምትኩ፣ ያን ወረቀቴን ይመልሱልኝ።»

«ወረቀት ከገባ ገባ ነው፣ እመቤት።»

«ያስገባሁት እኔው አይደለሁ?»

«ያስገባሽው አንቺ ነሽ፤ የገባው ግን ለመሥሪያ ቤቱ ነው። ሁለታችንም ከተስማማን ይመለሳል።»

«እኔ ተስማምቻለሁ።»

«እኔ እንድስማማ ደግሞ ጋሽ ጓንጉል ቦታዋ ክፍት ነው ይበለኝ።»

እንግዲህ አቶ ምትኩ ወረቀቱን አይመልሱም፤ ወረቀቱ ከፋይሉ አይወጣም፤ አስካለም እናቷ ቤት አትታረስም።

ወደ ፎርማኑ ወደ ጋሽ ጓንጉል ሄደች። ጋሽ ጓንጉል ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ ለስላሳ፣ ቃሉ ግን ግትር የሆነ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ቦታዋ ክፍት ነው በልልኝ። ክፍት ነው ካላልክ አቶ ምትኩ ወረቀቱን አይመልሱም፤ ወረቀቱ ከፋይሉ አይወጣም፤ እኔም እናቴ ቤት አልታረስም።»

«ምነው ልጄ፣ ቀድመሽ ብታማክሪኝ! ሰው ተተክቷል እኮ። ያችውልሽ እታፈራሁ፣ ሥራውን እየለመደች ነው። ሰው የተቀመጠበትን ቦታ ክፍት ነው ብዬ በስተርጅና ልዋሽ? እሷ ትነሳ፤ ክፍት ነው እላለሁ።»

እንግዲህ ጋሽ ጓንጉል ክፍት ነው አይልም፤ አቶ ምትኩ ወረቀቱን አይመልሱም፤ ወረቀቱ ከፋይሉ አይወጣም፤ አስካለም እናቷ ቤት አትታረስም።

ወደ እታፈራሁ ሄደች። እታፈራሁ ቀጭን ልጅ ናት፤ ሻማውን የምታነሳው እንቁላል እንደሚያነሳ ሰው ነው።

«እታፈራሁ፣ እህቴ፣ ተነሽልኝ። ካልተነሳሽ ጋሽ ጓንጉል ክፍት ነው አይልም፤ ክፍት ነው ካላለ አቶ ምትኩ ወረቀቱን አይመልሱም፤ ወረቀቱ ከፋይሉ አይወጣም፤ እኔም እናቴ ቤት አልታረስም።»

«እትዬ አስካለ፣ ሆድሽን ሳየው ያሳዝነኛል። ግን ተያዥ ያጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ሥራ ከማግኘት ተያዥ ማግኘት ይከብዳል። አጎቴ ሸዋንግዛው ስንት ተለምኖ ነው ዋስ የሆነኝ። ሳላስፈቅደው ብነሳ ዳግመኛ ደጁን አልረግጥም። እሱ ዋስትናዬን ላንሳ ይበል፤ እኔም እነሳለሁ።»

እንግዲህ እታፈራሁ ከወንበሩ አትነሳም፤ ጋሽ ጓንጉል ክፍት ነው አይልም፤ አቶ ምትኩ ወረቀቱን አይመልሱም፤ ወረቀቱ ከፋይሉ አይወጣም፤ አስካለም እናቷ ቤት አትታረስም።

ወደ ሸዋንግዛው ሱቅ ሄደች። ሸዋንግዛው ምስማርና ቆርቆሮ ይሸጣል። ሰው ሲያናግረውም ምስማር መመዘኑን አይተውም።

«ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ዋስትናዎን ያንሱልኝ። ካላነሱ እታፈራሁ ከወንበሩ አትነሳም፤ እሷ ካልተነሳች ጋሽ ጓንጉል ክፍት ነው አይልም፤ እሱ ካላለ አቶ ምትኩ ወረቀቱን አይመልሱም፤ ወረቀቱ ከፋይሉ አይወጣም፤ እኔም እናቴ ቤት አልታረስም።»

«እኔ ፊርማ እንደ ቆሎ የምበትን ሰው መስዬሻለሁ?» አለ ሸዋንግዛው። «ለማንም አልፈርምም ነበር። እናቴ ናት ፈርም ያለችኝ። እናቴ ፈርም ያለችውን እኔ አላነሳም። አንሳ ትበለኝ፤ አነሳለሁ።»

እንግዲህ ሸዋንግዛው ዋስትናውን አያነሳም፤ እታፈራሁ ከወንበሩ አትነሳም፤ ጋሽ ጓንጉል ክፍት ነው አይልም፤ አቶ ምትኩ ወረቀቱን አይመልሱም፤ ወረቀቱ ከፋይሉ አይወጣም፤ አስካለም እናቷ ቤት አትታረስም።

የሸዋንግዛው እናት እማማ ደጊቱ ቤታቸው ከሱቁ በላይ ነው። መንገዱ አቀበት ነው። አስካለ መሐል ላይ ድንጋይ አግኝታ አረፈች። ከዚያ ሆና ስታይ ሩቅ፣ ከጭጋጉ ጀርባ፣ የእናቷ አገር ተራራ ይታያል፤ ወይም የሚታይ ይመስላል። ናፍቆት ያለበት ሰው ጭጋግን አምኖ ነው የሚያየው። በሆዷ ውስጥ ልጁ ተገላበጠ። «እኔም እሄዳለሁ» ያለ መሰላት። ወገቧን ደግፋ ተነሳች።

እማማ ደጊቱ ግቢያቸው ውስጥ በርበሬ አስጥተው ዶሮ ያባርራሉ። አስካለ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ጀመረች።

«እማማ፣ ልጅዎን አንሳ ይበሉልኝ። ካላሉት ሸዋንግዛው ዋስትናውን አያነሳም፤ እታፈራሁ ከወንበሩ አትነሳም፤ ጋሽ ጓንጉል ክፍት ነው አይልም፤ አቶ ምትኩ ወረቀቱን አይመልሱም፤ ወረቀቱ ከፋይሉ...» ትንፋሽ አጠራትና ቆመች።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጭ» አሉ እማማ ደጊቱ። አስካለ ያን ቀን ተቀመጭ የተባለችው ገና አሁን ነው። «ይህን ሁሉ ሰው ስትዞሪ አንዱ እንኳ ምን አማረሽ አለሽ?»

«ማንም አላለኝም።»

«ነፍሰ ጡር ደጁ ላይ ቆማ! እንዲህ ነው እንግዲህ የተማረ ሰው። እኔ ልጠይቅሽ፤ ምን አማረሽ?»

አስካለ «ምንም» ልትል አፏን ከፈተች። ጨዋ ሰው ሲጠየቅ የሚለው እንዲያ ነው፤ ይቺ ቃል ስንቱን ሰው ጦሙን አሳድራለች። ነገር ግን ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ወረቀቴ፣ እማማ» አለችና አለቀሰች። «ወረቀቴ አማረኝ።»

እማማ ደጊቱ አልሳቁም። ነገሩን በክብደቱ መዘኑት።

«የግድግዳ አፈር ያማራት አውቃለሁ። ከሰል የቆረጠመችም አውቃለሁ። ወረቀት ያማራት ግን ዛሬ ገና አየሁ። ቢሆንም አምሮት አምሮት ነው።» በርበሬውን ለዶሮዎቹ ትተው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ጥለው፣ በትራቸውን አንስተው ወረዱ።

«ሸዋንግዛው!»

«አቤት፣ እማዬ!»

«ነፍሰ ጡር ያማራት ነገር ከተከለከለች ልጁ ምን ሆኖ ይወለዳል?»

«ምልክት... ምልክት ይዞ።»

«ምልክቱ ምን መስሎ?»

«ያንኑ ያማራትን መስሎ።»

«ይቺን ያማራት ወረቀት ነው። እንግዲህ ልጁ ግንባሩ ላይ ማኅተም ይዞ ሲወለድ እናያለን። ክብ ማኅተም!»

«ማኅተም?»

«ከነፊርማው! ያውም ያንተ ፊርማ!»

ሸዋንግዛው የያዘውን ምስማር ጣለ። ሱቁን ሳይዘጋ ወደ ፋብሪካው ሮጠ፤ እናቱ ከኋላ፣ አስካለ ከእናቱ ኋላ።

«እታፈራሁ፣ ዋስትናዬን አንስቻለሁ፤ ተነሽ!»

«ምን አጠፋሁ፣ አጎቴ?»

«ምንም። ተነሺና ተመልሰሽ ትቀመጫለሽ። አስካለ ታርሳ እስክትመለስ በእሷ ፋንታ ትሠሪያለሽ፤ ለዚያም እኔው እፈርማለሁ።»

«ታዲያ ይሄ መጀመሪያውኑ ይባል አልነበር?» አለች እታፈራሁ። አልተባለም ነበር፤ ሁሉም ቀጥሎ ያለውን ሰው ሲጠብቅ ነበር። እታፈራሁ ተነሳች። ጋሽ ጓንጉል ባዶውን ወንበር በዓይኑ አየ፣ በእጁም ዳሰሰ፤ ከዚያ በዚያ ትልቅ ድምፁ «ክፍት ነው!» ብሎ ጮኸ። ውሸት አልነበረበትም።

የቀሩት አቶ ምትኩ ናቸው። አቶ ምትኩ ዲግሪ ያላቸው ሰው ናቸው፤ በምልክት አያምኑም።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ሳይንስ አይደለም» አሉ።

«አንገትህ ላይ ያለውስ ምንድን ነው?» አሉ እማማ ደጊቱ።

የአቶ ምትኩ እጅ ሳያዙት ወደ አንገታቸው ሄደ። ከኮሌታቸው ስር እንደ እንጆሪ የቀላ ምልክት አለ። እናታቸው በሕይወት እስከነበሩ ድረስ «ይሄ አባትህ የከለከለኝ እንጆሪ ነው» ከማለት አላቋረጡም ነበር። አቶ ምትኩ ክራባታቸውን አጠበቁ።

«ሁለታችንም ከተስማማን ይመለሳል ብዬ ነበር» አሉና ፋይሉን ከፈቱ። «ይኸው ተስማምተናል።»

እንግዲህ እማማ ደጊቱ አንሳ አሉ፤ ሸዋንግዛው ዋስትናውን አነሳ፤ እታፈራሁ ከወንበሩ ተነሳች፤ ጋሽ ጓንጉል ክፍት ነው አለ፤ አቶ ምትኩ ወረቀቱን መለሱ፤ ወረቀቱም ከፋይሉ ወጣ። ሕጉ ጠዋትም የነበረ ሕግ ነው፤ የጎደለው ጠያቂ ብቻ ነበር። አስካለ መልቀቂያዋን ቀዳ ጣለችና የወሊድ ፈቃድ መጠየቂያ ጻፈች። በዚህኛው ላይ ስለ ማስቸገር ይቅርታ አልጠየቀችም።

ወሩ ሲያልቅ አውቶቡስ ተሳፈረች። ዳገቱ ሲጀምር ብርዱ በመስኮቱ ገባ፤ ሌላው ተሳፋሪ ዝጉት ሲል እሷ ትንሽ ይቆይ ብላ ለመነች።

ሴት ልጅ ወለደች። ከመጋረጃው ጀርባ ተጋደመች። ደጅ ላይ እናቷ ከሁሉም በላይ እየጮኸች ጠያቂዎቹን ዝም አሰኘቻቸው። ከዚያ ገንፎውን ይዛ ገባችና አጠገቧ ተቀምጣ ታጎርሳት ጀመር። ሳህኑ ሲጎድል ቀና ብላ አየቻት።

«በቃሽ፣ ልጄ?»

«በቃኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አስካለ ዋጠችው።

«ጨምሪልኝ፣ እማዬ» አለች። «ገና ነኝ።»

ተረቴን መልሱልኝ፤ ብቻ ፋይል ውስጥ እንዳትከቱብኝ።