ጨምር፣ አሳይ፣ አለቀ

አንድ መምህር ነበረ፤ በጎልማሳነቱ ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ በፊት ለከተማው ልጆች የንባብ ቤት እየሠራ ነበር። ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመትቷል፤ የቀረው በር፣ መደርደሪያና መጽሐፍ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ከልቡ ይወደው ስለነበር ሥራውን ሁሉ ከእጁ ወሰደለት። «አንተ ዐርፈህ ተቀመጥ፤ እኔ አለሁልህ» አለው። ስልክ ሲጠራ እሱ ያነሣል፤ እንግዳ ሲመጣ እሱ ይመልሳል። መምህሩ «ጋሼ፣ አናጺውን አነጋገርከው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «እሱን ለእኔ ተወው» ይለዋል። ወንድምዬው ግን የሚጠብቀው ወፍጮ ቤት፣ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት፤ ይረሳል። ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። በር የሌለው የንባብ ቤት የዶሮ ማደሪያ ሆነ። መንገደኛውም «ምስኪን፣ ሐሳቡስ ጥሩ ነበር» እያለ ያልፋል። መምህሩ ይህን በጆሮው ሰማ። ያ «ነበር» የሚለው ቃል ውስጡን አንገበገበው።

አንድ ቀን ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኗ የማያይ አንዲት ጸሐፊ ልትጠይቀው መጣች። የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ኮምፒውተር ይዛለች።

«ድሮ በጽሕፈት መኪና ይጽፉ ነበር አሉ። እንግዲያው ጣትዎ አልታወረም» አለችው።

እርሷ የዕለት ሥራዋን የምትይዝበትን ፕሮግራም አሳየችው። ፕሮግራሙ ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፤ የሚጠብቀው የተጻፈ ትእዛዝ ብቻ ነው። «ጨምር» ብለው ሥራውን ከጻፉለት ይይዛል። «አሳይ» ካሉት የቀረውን ያነባል። ሥራው ሲፈጸም «አለቀ» ይሉታል።

መምህሩ ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈና «ጨምር፦ ለአናጺው ደውል» ብሎ ጻፈ። ማሽኑ «ለአናጺው ደውል» ብሎ መለሰለት። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ቃሉን ሳይቆርጥ፣ ሳያባብለው፣ እንዳለ የተቀበለው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ወገቡ ቀና አለ። አሮጌ ስልኩን አውጥቶ ቁልፎቹን እየዳሰሰ ደወለ። ጸሐፊዋም ኮምፒውተሩን እንዲሠራበት ትታለት ሄደች።

በማግስቱ ወንድሙ መጣና «ዛሬስ ያንን አናጺ እፈልግልሃለሁ» አለ።

«ደውዬለታለሁ፣ ጋሼ። ሰኞ በሩን ይገጥማል።»

«ማን ደወለልህ?»

«እኔ!»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮም «አለቀ» ብሎ ጻፈ። ማሽኑ «ተፈጽሟል» አለ።

ወንድሙ ድምፁ ዝቅ አለ። «ታዲያ እኔ ምን ልሥራ? ከእንግዲህ አልፈልግህም ማለትህ ነው?»

መምህሩ ፈገግ አለ። ቁልፎቹ ተንጣጡ፤ ማሽኑም በዚያ ደረቅ ድምፁ «ጋሼ መደርደሪያውን ቀለም ይቀባል» ብሎ አነበበ። ወንድምዬው እስኪያስለው ድረስ ሣቀ። «ምን ዓይነት ቀለም ይሁን ታዲያ?» አለ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ያ «ተፈጽሟል» የሚል ድምፅ የማይሰማበት ቀን አልነበረም። በሩ ተገጠመ፣ መስታወቱ ገባ፣ መጽሐፉ በጋሪ እየተጫነ መጣ። የምረቃው ቀን ከተማው ነቅሎ ወጣ። አንድ ሹም እጁን ይዞ ሊመራው ቢሞክር፣ መምህሩ «አመሰግናለሁ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ብሎ በዱላው እየነካካ ደረሰ፤ ቁልፉን በእጁ አዙሮ በሩን ወለል አደረገው። ልጆቹ በግራና በቀኙ እየተጋፉ ገቡ። እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። እሱም በሩን ተደግፎ ልጆች ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰማ፤ ፊቱ በራ። ማታውኑ «ጨምር፦ ለትልልቆቹ ልጆች ሌላ የንባብ ክፍል ሥራ» ብሎ ጻፈ።

እንግዲህ ልጄ፣ «እናቴ ከታመመች ወዲህ አንድም ሥራ አላስነካኋትም፤ ታዲያ ስለምን ታኮርፈኛለች?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እናትሽ ያ መምህር ናት፤ አንቺም ያ ወንድም ነሽ። ፍቅርሽ እውነተኛ ነው፤ ግን ከድካሟ ጋር ሥልጣኗንም ወስደሽባታል። አሁን ሂጂና አጠገቧ ቁጭ ብለሽ «እማዬ፣ ዛሬ ምን ልታዘዝ?» በያት። ስታዝዝሽም ፊቷን እዪው።