የአህያዋ እንቅርት

አንድ ጊዜ፣ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ በጨረሰበት ተራራማ አገር፣ አንዲት አህያ ትኖር ነበር። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጨንግፈውባት፣ አሁን ሦስተኛውን ይዛ ቀን ትቆጥራለች።

በዚያ አገር እንስሳት የሚልሱት ጨዋማ አፈር የቀረው ከአንድ ገደል ሥር ብቻ ነበር። ንጉሡ አንበሳ አፈሩ እንዳይባክን ብሎ ጅብን ጠባቂ አደረገው፤ ሁሉንም በየተራ እንዲያስልስ አዘዘው። ጅብ ግን ጠባቂነትን ከባለቤትነት መለየት አልቻለም። ጠዋት ሲነሳ ይልሳል፣ ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ ይልሳል፣ ሲጠግብ ደግሞ ላዩ ላይ ይተኛበታል። በሬና አጋዘን በቀንዳቸው ገፋ እያደረጉት ድርሻቸውን ልሰው ይሄዳሉ። አህያ ግን ቀንድ የላትም። በመጣች ቁጥር ተራዋ ነገ እንደሆነ ይነግራትና ይመልሳታል።

ወራት አለፉ። የአህያ አንገት ማበጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ እንቁላል ያህል፣ ኋላም ቅል ያህል ሆነ። ፀሐይ ላይ ቆማ ይበርዳታል። ፀጉሯ ይረግፋል፤ እርምጃዋ ተጎተተ። ያዩዋት ሁሉ ሰነፈች አሉ።

ከሁሉም ቀርቦ ያነጋገራት ጥንብ አንሳ አሞራ ነበር።

«እመት አህያ» አላት፣ «ሥራዬ ባያምርም የብዙ ሟች ገላ ውስጡን አይቻለሁ። በሰውም በእንስሳም አንገት፣ ከመተንፈሻው ቧንቧ ግራና ቀኝ የተጣበቀች ትንሽ ዕጢ አለች። ገላን የሚያሞቀውን፣ ልብን የሚያበረታውን፣ የጽንስንም አንጎል የሚያሳድገውን ነገር ወደ ደም የምትልከው እሷ ናት። ያን የምትሠራው ግን ጅብ በሚጠብቀው ጨዋማ አፈር ውስጥ ባለ ነገር ነው። እሱን ስታጣ አብዝታ ትለፋለች፤ በልፋቷም ታብጣለች።»

አህያ ስለ ራሷ አልጠየቀችም። በሆዷ ያለው ምን እንደሚሆን ብቻ ጠየቀችው። አሞራው ፊቱን አዞረና ዛሬውኑ ወደ አንበሳ እንድትሄድ መከራት።

አህያ እየተጎተተች ስትደርስ፣ አንበሳ አፈሩ ለምን እንዲህ እንደጎደለ ጅብን እየጠየቀው ነበር። የጅብ ወዳጅ ቀበሮ የአህያን አንገት ሲያይ ወዲያው ቀደም አለ።

«ጌታዬ፣ ሌባዋ በእግሯ መጣችልዎት። አንገቷን ይመልከቱ፤ የሰረቀችውን አፈር ጉሮሮዋ ውስጥ ደብቃዋለች።»

ጅብ ራሱ ይህን ሰምቶ አመነ፤ እንዴት ሳያያት እንዳለፈችም ተደነቀ። አህያ በሽታ መሆኑን ተናገረች፣ አንገቷን ዳስሰው እንዲያዩላት ለመነች። ይጋባብናል ብለው ሁሉም ሸሹ። አንበሳም ሳይዳስስ ፈረደ። አህያ ከእንግዲህ ወደ ገደሉ እንዳትደርስ ተከለከለች።

ከሁለት ወር በኋላ ወለደች። ውርንጭላው ፀጉሩ የሳሳ፣ እግሩ የማይጸና፣ ጡት ሲሰጡት የማይስብ ሆነ። አንገቱ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ነበረ።

አሞራው በርሮ አንበሳን ጠራው። አንበሳም ጅብንና ቀበሮን አስከትሎ መጣ። የውርንጭላውን አንገት አየና ወደ ቀበሮ ዞረ።

«ይህ ዛሬ የተወለደው መቼ ሰረቀ?»

ቀበሮ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጅብ ግን «እናቱ አካፍላው ይሆናላ» አለ። አንበሳም እብጠቱ በሽታ እንደሆነ፣ አፈሩን የጨረሰውም ጠባቂው ራሱ እንደሆነ ተረዳ። አንበሳ ሁለቱንም ከአገሩ አባረራቸው፤ ገደሉንም ለአህያ ከፈተላት።

አህያ አፈሩን በአፏ እየዛቀች ለልጇ አመጣች፤ እሷም ላሰች። ከወራት በኋላ እብጠቷ ቀነሰ፣ ፀጉሯ በቀለ፣ የውርንጭላውም አንገት ደህና ሆነ። ውርንጭላው ግን ያቆሙት ቦታ ቆሞ ይውላል። ስትጠራው አይዞርም። ሳር ከአፍንጫው ሥር እያለ ይራባል። አፈሩን ብትጨምርለት ይሻለው እንደሆነ አሞራውን ጠየቀችው።

«ለአንቺስ ደርሶልሻል» አላት። «የእሱ አንጎል ግን ያን አፈር የፈለገው በሆድሽ ሳለ ነበር። ያ ጊዜ አለፈ።»

አንድ ቀን አንበሳ ይቅርታ ሊጠይቃት መጣ፤ ከእንግዲህ ከሁሉም ቀድማ እንድትልስ መወሰኑን ነገራት። አህያ እሺ አለች።

«ልጄ ግን፣ ጌታዬ፣ እናቱ መሆኔን አያውቅም» አለችው።

ይህን ብላ ውርንጭላዋን በአፍንጫዋ ቀስ እያለች ወደ ሳሩ ትገፋው ጀመር።

ከዚህ የምንማረው የታመመውን ሕመሙን ሳንመረምር እንደ ጥፋተኛ ብንፈርድበት፣ ኋላ እውነቱ ቢገለጥልን እንኳ ያሳጣነውን ልንመልስለት እንደማንችል ነው።