በሞቴ የተባለችው እሬት

ተረት ተረት ልበላችሁ። «የላም በረት» ብላችሁ አትድከሙ፤ ላምም የለኝ፣ በረትም የለኝ። የነበረኝ አንድ የአደራ ተክል ነው፤ የምነግራችሁም የእሱን ጉድ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃውም እንስሳውም እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ እንግዳ አጥብቃ የምታስተናግድ አንዲት ሴት ነበረች። ሰው ቤቷ ገብቶ ሳይጨነቅ አይወጣም። ስሟ ውድነሽ ነው። ምን እደብቃችኋለሁ፣ እኔው ነኝ።

ጎረቤቴ ሐዋ፣ ልጇ ወልዳላት ልታርሳት ወደ ደሴ ልትሄድ ሆነ። በዘይት ጣሳ የተተከለች እሬት ታቅፋ መጣች።

«ውድነሽ፣ ይቺን እናቴ ናት በእጇ የተከለቻት። ከእናቴ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። እስክመለስ ጠብቂልኝ» አለችኝ።

«እንደ ዓይኔ ብሌን» አልኳት። ሐዋ ሄደች፤ እኔም ማስተናገዴን ጀመርኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጆጌን ሞልቼ መጣሁ። ጆጉ ሆዱን ነፍቶ «እመቤቴ፣ እንግዳሽ ደርቃ ብታድር ሰው ምን ይልሻል?» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ አፈሰስኩላት።

እሬቷም «እትዬ ውድነሽ፣ በቃኝ። ውሃዬን በቅጠሌ ይዤ ነው የመጣሁት» አለች።

እስቲ ፍረዱኝ። በእኛ አገር እንግዳ ገና ሲቀርብለት እሺ ይላል? «አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» ይላል። ሁለተኛም ይግደረደራል። እጁን የሚታጠበው በሦስተኛው ነው። ስለዚህ ምን ዓይነት ጨዋ ናት አልኩና ደገምኩላት።

በሁለተኛው ሳምንት «እትዬ፣ በእውነት በቃኝ፣ እግሬ ራሰ» አለች። «አፈር ስሆን» ብዬ ጨመርኩላት። ጣሳው ከሥሩ በምስማር የተበሱ ቀዳዳዎች ነበሩትና ውሃው በዚያ እየወረደ በረንዳዬን አጨቀየው። ጣሳው «እትዬ፣ መውጫዬን ተዪልኝ» ብሎ ለመነኝ። እኔ ግን «እንግዳ የሰጡትን አይደፋም» ብዬ ቀዳዳዎቹን በጭቃ መረግኳቸው። እንዲህ ብልህ ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት የእሬቷ ድምፅ ሰለለ። «በቃኝ» አለች።

«በሞቴ» አልኳት።

«በእኔ ሞት ነው እንጂ» አለችኝ። ተጫዋች እንግዳ ደስ ይለኛልና ስቄ ሌላ ጆግ ጨመርኩላት።

በአራተኛው ሳምንት ቅጠሏ ገረጣ፣ ሥሯ ሸተተ፣ ወደ ጎኗ ተጋደመች። ጠምቷት ነው ብዬ ጆጉን ፍለጋ ዞርኩ። ያኔ በአጥሩ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ አንድ እንሽላሊት ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺ ሴት፣ እየገደልሻት ነው» አለኝ።

«እኔ? እንዲህ እያጠጣኋት?»

«እንዲህ እያጠጣሻት። ይቺ የድንጋይ አገር ልጅ ናት። ፀሐይ ያልገደላትን ደግነትሽ ሊገድላት ነው።»

ሐዋን አሰብኳት። እናቷን ሁለተኛ ልቀብርባት ነው ብዬ፣ እሬቷ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

እንሽላሊቱ ግን «ለቅሶሽን ወዲያ አድርጊው፣ እሱም ውሃ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ እሱ ያለኝን አደረግኩ። ነቀልኳትና የበሰበሰውን ሥር በቢላ ቆርጬ ጣልኩ። ቁስሏ እስኪደርቅ አምስት ቀን ጥላ ውስጥ አስተኛኋት። የጣሳውን ቀዳዳዎች ስከፍት ጣሳው ተነፈሰ። አሸዋና ጠጠር ከጥቂት አፈር ጋር ቀላቅዬ ተከልኳትና ፀሐይ ላይ አወጣኋት። ከዚያ ከሁሉም የከበደኝ ሥራ መጣ፤ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ። አንዱ እጄ ወደ ጆጉ ሲሄድ በሌላው እመታዋለሁ። ጆጉም አኩርፎ መደርደሪያው ላይ ቁጭ አለ። አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ እሬቷ ራሷ «እትዬ፣ አሁን ትንሽ» ትለኛለች፤ እኔም ትንሽ እሰጣታለሁ።

በአምስተኛው ወር ከመሐሏ ዘንግ አወጣች፤ ጫፉም በቀይ አበባ ተሞላ። ሐዋ ከደሴ የተመለሰችው በዚያው ሰሞን ነው። ቅጠሉን በጣቷ ዳበሰችና «እናቴ ካረፈች ወዲህ አብባ አታውቅም» ብላ አለቀሰች። እኔም ፈራ ተባ እያልኩ ጥፋቴን አንድ በአንድ ነገርኳት። ሐዋም ሰምታ ይቅር አለችኝ።

ደስታዬን አልችል ብዬ ትኩስ ሽሮ አቀረብኩላት። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ የመጣች ሴት፣ ከንፈሯ ደርቆ «ኧረ በቃኝ፣ አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ተምሬያለሁ። «እሺ» ብዬ ሽሮውን አነሳሁት።

ሐዋ ሽሮውን እስከ ጓዳ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ቀስ ብላ «ውድነሽ፣ እሬቴን በውሃ፣ እኔን ደግሞ በረሃብ። ለመሆኑ ከእጅሽ በሰላም የሚወጣ ማን ነው?» አለችኝ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ተክል በቃኝ ካለ በቅቶታል፤ ሰው በቃኝ ካለ ግን ሦስቴ ጠይቁት። ተረቴን መልሱልኝ፣ ዳቦውንም አቅርቡት። በቃኝ ብል እንዳታምኑኝ።