የአህዪት አራት ጨርቆችና የአያ ጅቦ ወረቀት

አታምኑኝም! ማርያምን አታምኑኝም! እኔም ብሆን ከሌላ ሰው ብሰማው «ሂድ ወዲያ፣ ቀጣፊ!» ብዬ በድንጋይ አባርረው ነበር። ግን ሆነ። እንዲህ ነው የሆነው።

አንድ ጊዜ አህያና ጅብ በአንድ ዋሻ ተጣሉ። ዋሻው ሰፊ ነው፤ ሰማይ ቢቀደድ አንዲት ጠብታ አያስገባም። ክረምቱ ደግሞ ደጅ ደርሷል። ቀድማ የገባችው አህዪት ናት። ጌታዋ ዱላ ሲያበዛባት፣ ጭነት እንዳይልጣት ጀርባዋ ላይ ያለበሳትን አሮጌ ጋቢ እንደለበሰች ጠፍታ የመጣች ናት። አያ ጅቦ ከኋላዋ መጣና፦

«አያቴ እዚህ በልቶ እዚህ ነው ያገሳው! ዋሻው የአባት ርስቴ ነው!» አለ።

ነገሩ ንጉሥ አንበሳ ዘንድ ደረሰ። አንበሳ መጥቶ ዋሻውን አየና አፍንጫውን ያዘ። ጣሪያው የሌሊት ወፍ ኩስ፣ ወለሉ ጭቃ፣ ግድግዳው ደግሞ አያ ጅቦ አጥንት ሲግጥ የሚረጨው ስብ ለብሷል።

«ለሁለት ክፈሉት» ብሎ ፈረደ። «በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ። ድርሻውን አጽድቶ የጠበቀኝ ዋሻው በሙሉ የእሱ ነው። ያላጸዳ ክረምቱን ደጅ ይከርማል።»

የአህዪት ጆሮ ወረደ። ጅብ ባለበት አገር አህያ ደጅ አደረች ማለት እኮ ራት ቀረበ ማለት ነው! አያ ጅቦም ይኸው ታየውና ምራቁ መጣ። ያ ምራቅ በቦይ ቢለቀቅ ወፍጮ ያዞር ነበር።

አህዪት ጊዜ አላጠፋችም። ጋቢዋን በጥርሷ ይዛ አራት ቦታ ቀደደችው። አንዱ ለግድግዳ፣ አንዱ ለወለል፣ አንዱ ውሃ ለምትጠጣበት የድንጋይ ገንዳ፤ አራተኛው ሌሎቹ እስኪደርቁ ተለዋጭ። ሲቆሽሹባት ወንዝ ትወርድና እንዶድ ደቁሳ ትረግጣቸዋለች። ጋቢ በእግር እንደሚታጠብ መቼም ታውቃላችሁ፤ አህዪት ደግሞ እግር የተረፋት ናት! አረፋው ተነሥቶ ማዶ ያሉትን ዝንጀሮዎች ባለ ነጭ ጺም ሽማግሌዎች አስመሰላቸው። ከዚያ አጋም ቁጥቋጦ ላይ ታሰጣቸዋለች፤ ሲደርቁ ደግሞ ወደ ሥራ!

አያ ጅቦ በጀርባው ተንጋሎ ሳቀ። «ወይ ጉድ! በቡትቶ ቤት ሊጸዳ! አንቺ ጆሮ ረጅም፣ መቼ ነው ወንዝ መመላለስ የሚበቃሽ?»

«ይሳቁ፣ አያ ጅቦ» አለች አህዪት ጨርቋን እየጨመቀች። «እርስዎስ በምን ሊጠርጉ ነው? በምላስዎ?»

ይቺ ነገር ከነከነችው። እውነትም መጥረጊያ የለውም። እያጉረመረመ ወጣ ሲል ቀበሮ አንድ ትልቅ ካርቶን እየጎተተች መጣች። ከመኪና ላይ ወድቆ ያገኘችው ነው፤ ውስጡ ነጭ ጥቅልል ወረቀት ብቻ።

«ጌታዬ አያ ጅቦ፣ እርስዎን የመሰለ ባለርስት ጨርቅ ሲያጥብ አይቼ ልሙት?» አለች እጅ እየነሳች። «ይኸው የከተማ ወረቀት! አንዴ ይጠርጉበታል፣ ይጥሉታል። ማጠብ የለ፣ ማስጣት የለ!»

«ሲያልቅስ?»

«ሲያልቅማ እኔ አለሁልዎ! ለአንድ ጥቅል ሥጋው ያልተለየው አንድ አጥንት ብቻ።»

አያ ጅቦ ለክረምቱ ካከማቸው አጥንት አንዱን ወረወረላት። መጀመሪያ ቀን፣ እውነቱን ልናገር፣ ግድግዳው አበራ። የጠረገበትን ወረቀት በሩ ላይ ሲጥል ሲጥል፣ ክምሩ የጤፍ ክምር አከለ።

በማግስቱ ከእንቅልፉ ሲነቃ አንድ ሽታ አፍንጫውን ሳበው። ክምሩን አሸተተ። ስብ! የገዛ ግድግዳው ስብ!

«ይሄማ ሥጋ ነው!» አለና አንዱን ዋጠ። ሁለተኛውን ደገመ። ክምሩ አለቀ።

አሁን ነው ጉዱ! አያ ጅቦ ጣዕሙን ለመደው። ግድግዳው ንጹሕ ሆኖ ወረቀቱ አልጣፍጥ ሲለው፣ ስብ ያለበት አጥንት ያነሣና ግድግዳውን ዳር እስከ ዳር ይቀባዋል፤ ከዚያ በወረቀት ይወለውለዋል፤ ከዚያ ወረቀቱን ይበላል። ይቀባል፣ ይወለውላል፣ ይበላል! ቀበሮ ከካርቶኗ እያወጣች ታቀብላለች፣ አጥንት ትቀበላለች። ወለሉን ሊጠርግ ሲል ደግሞ ወረቀቱ ጭቃው ላይ እየሟሟ እንደ ገንፎ ተለጠፈ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አጥንቱ አለቀ።

«ወረቀት!» አለ አያ ጅቦ።

«አጥንት!» አለች ቀበሮ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ደህና ይሁኑ» ብላ ዞር ስትል፣ ከሩቅ የአንበሳ ግሣት ተሰማ። አያ ጅቦ ወደ አህዪት ሮጠ። «እህት ዓለም! ከነዚያ ጨርቆች አንዷን አውሺኝ!»

«በወደድኩ» አለች አህዪት፣ «ግን እሷንም ይበሏታል ብዬ እፈራለሁ።»

አንበሳ ገባ። በአህዪት በኩል ግድግዳው ላይ ፊቱን አይቶ «ማነው ይሄ መልከ መልካም?» ሲል ጠየቀ። ጎፈሩን አበጠረበትና ወደ አያ ጅቦ ድርሻ ተሻገረ። የመጀመሪያ እግሩ ከግድግዳው ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን ስብ ረገጠ፤ ሌሎቹ ሦስቱ ተከተሉት። ንጉሡ በሆዱ ተንሸራቶ ግድግዳው ጋ ቆመ። ሲነሣ የረጠበ ወረቀት ከጆሮው እስከ ጭራው ተለጥፎበት፣ ላባዋ ያልተነጨ ዶሮ መስሏል።

«ይህ ሁሉ ወረቀት ከየት መጣ?» ብሎ አገሳ።

አያ ጅቦ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ስቅ አለው። የወረቀት ጫፍ ብቅ አለ። አንበሳ ያዘና ጎተተ። መጣ። ጎተተ። አሁንም መጣ! ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፤ ወረቀቱ ገና እየመጣ ነው። ማዶ ያሉት ዝንጀሮዎች ገመድ ጉተታ መስሏቸው ለማገዝ ተሰልፈው መጡ።

ሲያበቃ አንበሳ ላቡን ጠረገና ዋሻውን ለአህዪት ፈረደላት። አያ ጅቦ የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ እየወረደበት፣ ሆዱን ይዞ ደጅ ወጣ።

«ከዚህ ምን ተማራችሁ?» አለ አንበሳ ወደ ተሰበሰቡት ዞሮ። እኔም በመካከላቸው ነበርኩና ያማረ ምክር ይዤ አፌን ልከፍት ስል፣ የወረቀቱን ጫፍ ገና ያልለቀቀ አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ አምልጦት ጮኸ፦

«ከዚህ የምንማረው፣ በአንድ ጨርቅ አሥር ጊዜ የሚጠርግ ቤቱን እንደሚያጸዳ፣ በአሥር ወረቀት አንድ ጊዜ የሚጠርግ ግን ቆሻሻውን ቦታ ብቻ እንደሚያስለውጥ ነው፤ አያ ጅቦማ ይኸው ከግድግዳው ወደ ሆዱ አዛወረው!»