የዝርዝሩ መጨረሻ የቱ ጋ ነው?

«አንድ ሰው ነበረ፤ ተርጓሚ ይጠብቅ ነበር» አሉ ጋሽ ወንድይራድ፣ ትርሲት ጥያቄዋን ገና ሳትጨርስ።

ጥያቄዋ ይህ ነበር። በምትሠራበት ቢሮ አንድ ፕሮግራም ለማፍጠን ባልደረቦቿ ሁለት ወገን ሆነው ይከራከራሉ። ሁሉም ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው። አንዱ ሲናገር ልክ ነው ትላለች፤ ሌላው ሲመልስለትም ልክ ነው ትላለች። ከማን ጋር ትቁም? ጋሽ ወንድይራድ ሙያውን ያስተማሯት ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ስለ ሌላ ሰው ማውራት ይቀናቸዋል።

ሰውየው የሚጠብቀው ተርጓሚ ፕሮግራም ነበር። በአማርኛ ቃላት የሚጻፍ አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ቋንቋ ነበረ። ሰዎች «ይህን ደምር»፣ «ያንን አሳይ»፣ «ለእያንዳንዱ እንዲህ አድርግ» እያሉ ይጽፉበታል። ማሽኑ ግን ይህን ቋንቋ አያውቅም። ስለዚህ ተርጓሚው መሐል ቆሞ የተጻፈውን መስመር በመስመር ያነብና ማሽኑን ያሠራዋል። ቋንቋውን የፈጠረው ሌላ ሰው ነው። እሱ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ «አደራ» ብሎ ተርጓሚውን ለዚህ ሰው ተወለት፤ ይህም ሰው ከሥራ መልስ እየተቀመጠ የተበላሸውን ያቃናል፣ የጎደለውን ይሞላል። ማንም አያስገድደውም፤ ይወደው ስለነበረ ነው።

ቋንቋውን የሚጠቀሙ ሰዎች በቴሌግራም አንድ ግሩፕ ነበራቸው። እዚያ ይጠያየቃሉ፣ ይመካከራሉ፣ አንዳንዴም ይቆራቆሳሉ። አንድ ቀን አንዲት መምህርት ጻፈች፦ «የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች አሮጌ ናቸው። ተማሪዎቼ በዚህ ቋንቋ የጻፉትን ሲያስነሡ ውጤቱን እስኪያዩ ወንበር ላይ ይተኛሉ። ተርጓሚው ካልፈጠነ ወደ ሌላ ቋንቋ ልወስዳቸው ነው።»

ሰውየው ነገሩ ከነከነው። ወዲያው አንድ ፈጠን ያለ ወጣት መልስ ይዞ መጣ። ወጣቱ ተርጓሚውን ውስጡ ድረስ ገብቶ አይቶታል። ተርጓሚው «ለእያንዳንዱ» የሚል ትእዛዝ ሲያገኝ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አንዱን በጨረሰ ቁጥር ደግሞ ቆም ብሎ ዝርዝሩ ማለቅ አለማለቁን ለማወቅ ይቆጥራል።

«በየጊዜው ምን ያስቆጥረዋል?» አለ ወጣቱ። «መጀመሪያ ላይ አንዴ ይቁጠርና በዚያው ይሂድ።»

ሰውየው ሐሳቡን ወደደው። ለውጡን አስገባ፣ ሞከረው፣ ተርጓሚው በረረ። አዲሱን እትም አወጣ። መምህርቷ የተማሪዎቿን ጭብጨባ ቀድታ በድምፅ ላከችለት። ያን ሳምንት ሰውየው ቀና ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ደዋዩ ቆላ ውስጥ ባለ የመስኖ ማኅበር የሚሠራ ባለሙያ ነው። የማኅበሩን የውኃ ተራ የሚጠራውን ፕሮግራም በዚሁ ቋንቋ የጻፈው እሱ ነው።

«ምን አድርገህ ነው ያበላሸኸው?» አለ ባለሙያው፣ ሰላምታም ሳይሰጥ።

«ምኑን?»

«እኔ አልገባኝም። እሳቸው ያስረዱህ» ብሎ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጠ።

የተቀበሉት አንዲት አርሶ አደር እናት ነበሩ። የሽንኩርት ችግኝ ገና መትከላቸው ነው። ተራቸው በሚደርስበት ጠዋት ልጃቸውን ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ስለወሰዷት ለፕሮግራሙ መልእክት አልመለሱም። የማኅበሩ ደንብ ለዚህ መላ አለው፦ ሲጠራ ያልመለሰ ሰው ስሙ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይጨመራል፤ ሁሉም ካጠጡ በኋላ እንደገና ይጠራል። እናትዮዋ ይህን ያውቃሉ። ልጃቸው በሰላም ስትገላገል እየተቻኮሉ ተመልሰው ቦዩ ዳር ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ተራውን የምትጠራው አንተ ነህ?» አሉት።

«አይ እናቴ፣ እኔ ተራ አልጠራም። እኔ… ተራ የሚጠራውን ፕሮግራም የሚያነበውን ፕሮግራም ነው የምጠብቀው።»

«ምን አልክ?»

ደገመው። ሲደግመው ለራሱም ግራ አጋባው።

«እሱን ተወው» አሉ እናትዮዋ። «መጨረሻ ላይ ትጠራለች ተብሎ ስሜ ገብቷል። ስሜ እንደገባ ይሄ የማኅበሩ ልጅ በስልኩ አሳይቶኛል። ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ቦዩ ተዘጋ፣ ሰዉም ወደ ቤቱ ገባ። ቀጣዩ ተራ እስኪመጣ ችግኙን ፀሐይ በላው። መጨረሻው የት ሄደ?»

ሰውየው ስልኩን ዘግቶ ኮዱን ከፈተ። ለውጡን አየው። ምንም የተሳሳተ መስመር የለበትም። ተርጓሚው መጀመሪያ ላይ ይቆጥራል፣ በቆጠረው ልክ ይሄዳል፣ ያቆማል። የሴትዮዋ ስም የገባው ከተቆጠረ በኋላ ነው። ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ተርጓሚው ግን እሳቸው ጋ ሳይደርስ ጨርሷል።

ነገሩን ግሩፑ ላይ ጻፈው። ጭቅጭቁም ተነሣ።

የመስኖ ባለሙያው «የድሮው ይመለስ፤ ስንት ዘመን ሲሠራ የኖረን ነገር ማን ንኩ አላችሁ?» አለ።

ወጣቱ «ስህተቱ ያንተ ፕሮግራም ላይ ነው። እየተራመዱበት ያለን ዝርዝር ማን ይቀይራል?» ብሎ መለሰ።

መምህርቷ ከወጣቱ ጋር ቆመች። «ለአንድ ማኅበር ሲባል ልጆቼ ወደ እንቅልፋቸው ይመለሱ?» አለች። ባለሙያው «ሽንኩርት ተክለሽ ታውቂያለሽ?» አላት። እሷም የማይጻፍ ነገር ጻፈችለት፣ ኋላ አጠፋችው።

ሰውየው የባለሙያውን ጽሑፍ ሲያነብ ልቡ ወደ ባለሙያው ይሄዳል። እውነት ነው፣ ሰው በለመደው ነገር ላይ ኑሮውን ይሠራል። የወጣቱን ሲያነብ ደግሞ እሱም እውነት ነው፤ ዝርዝር እየሄዱበት ሲለዋወጥ መያዣ የለውም። መመሪያውን ገልጦ አየ። መመሪያው «ለእያንዳንዱ የሚለው ትእዛዝ ዝርዝሩ እስኪያልቅ ይሠራል» ይላል። ይህ ደግሞ ለሁሉም ይመቻል። የትኛው ዝርዝር? ሲጀመር የነበረው ወይስ አሁን ያለው?

በግራ መጋባቱ ላይ ሌላ ጥፋት ጨመረበት። ባለሙያው ሲጮህ የድሮውን መለሰ። መምህርቷ ስታለቅስ አዲሱን መልሶ አወጣ። ወጣቱ «ቢያንስ ምርጫ ይሁን» ሲለው ሁለቱንም የያዘ ሌላ እትም ሠራ። ከዚያ ወዲያ ግሩፑ ውስጥ ማን የትኛውን እንደሚጠቀም የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል፣ ሌላው «እኔ ጋ አይሠራም» ይላል፤ ሁለቱም አይዋሹም። ሰውየው ምግብ ሲቀርብለት እንኳ ወጡን እያየ ስለ ዝርዝር ያስብ ጀመር። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ምን እንደሆንኩ ባውቅማ ጥሩ ነበር» አላት።

አንድ እሑድ ከሰዓት ግሩፑን ከላይ ጀምሮ አነበበው። ለማን እንደሚፈርድ ለመወሰን ነበር ሐሳቡ። ሲያነብ ግን አንድ ነገር ከነከነው። ሁሉም «ለእያንዳንዱ» የሚለውን ቃል ይጠራሉ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አንድም ሰው አልተናገረም። ስለ ፍጥነት ተናግረዋል፣ ስለ ልማድ ተናግረዋል፣ ስለ ሽንኩርትና ስለ ተማሪ ተናግረዋል። ቃሉን ግን ሁሉም የሚያውቀው ነገር አድርገው አልፈውታል።

ያኔ እንዲህ አደረገ። ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ዝርዝር አለ፤ ሎሚና ሙዝ ይዟል። ለእያንዳንዱ፣ ስሙን አሳይ፤ ስሙ ሎሚ ከሆነ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ብርቱካን ጨምር። በቃ፣ ሌላ የለውም። ይህን ግሩፑ ላይ አወጣና ከሥሩ ጻፈ፦ «እባካችሁ ማሽን ላይ አታስኪዱት። ምን ማሳየት እንዳለበት በራሳችሁ አስቡና ለእኔ ለብቻዬ ላኩልኝ። ሁላችሁም ስትልኩ አንድ ላይ አወጣዋለሁ። የእኔንም ከእናንተ ጋር አወጣለሁ።»

ቀላል መስሎት ነበር። የራሱን ሊጽፍ ሲቀመጥ ግን እጁ ቆመ። ከሰሞኑ ልቡ ወደ ባለሙያው፣ ወደ ድሮው አሠራር ያደላ ነበር። ፕሮግራሙን ሲያነበው ግን ዓይኑ ሎሚና ሙዝ ላይ አቆመ። «ለእያንዳንዱ» ሲባል እሱ የሚሰማው እዚህ ያሉትን ነው፤ ብርቱካኑ ገና አልመጣም። «ሎሚ፣ ሙዝ» ብሎ ጻፈ። ጻፈና ደነገጠ። ሊፈርድለት ያሰበው ሌላ፣ ራሱ የሚያምነው ሌላ ነበር።

መልሶቹ ወጡ። ወጣቱ «ሎሚ፣ ሙዝ» ብሏል። ባለሙያው «ሎሚ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን» ብሏል። ከወጣቱ ጎን ሆና ባለሙያውን ስትሞግት የከረመችው መምህርት ግን «ሎሚ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን» ብላለች። እስከዚያ ድረስ ትንፍሽ ያላለ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ «ምንም ማሳየት የለበትም፤ ይህ ክልክል ነው ብሎ መቆም አለበት» ብሎ ልኳል።

መጀመሪያ የጻፈችው መምህርቷ ናት። «እኔ የተከራከርኩት ለፍጥነቱ ነው እንጂ ብርቱካኑ ይቅር ብዬ አይደለም። ብርቱካኑ የሚቀር መሆኑንም አላወቅሁም።»

ባለሙያው «እኔም ፍጥነቱን አልጠላሁትም» አላት። «ታዲያ ስንሰዳደብ የከረምነው በምን ነበር?»



ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ሌላ ነበር፤ «ቃሉ ምን ይሁን?» የሚል። እሱም ቀላል አልነበረም። ሰውየው የራሱ ስሜት ወደ አንዱ እያደላ፣ ሰዎች ኑሯቸውን የሠሩት በሌላው ላይ መሆኑን አየ። በመጨረሻ የድሮው ትርጉም እንዲጸና ተስማሙ፦ ዝርዝሩ አለቀ የሚባለው እየሄድንበት የተጨመረውም ሲያልቅ ነው፤ ዘግይቶ የገባም ይቆጠራል። መመሪያው ላይም ማንም ሁለት አድርጎ እንዳይረዳው ተደርጎ ተጻፈ። ይህ ከተጻፈ በኋላ ወጣቱ ብዙም ሳይቆይ ሌላ መንገድ አገኘ። ተርጓሚው አስቀድሞ አይቶ፣ በመሐል ዝርዝሩን የሚነካ ነገር ከሌለ አንዴ ብቻ ይቆጥራል፤ የሚነካ ካለ ግን በየጊዜው ይቆጥራል። የተማሪዎቹ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ዝርዝሩን አይነኩም ነበርና ፍጥነቱ ተመለሰላቸው። «ክልክል ይሁን» ያለው ሰው ግን እስከ መጨረሻው አልተስማማም። ግሩፑ ውስጥ አለ፤ አሁንም አልፎ አልፎ ያጉረመርማል።

ሰውየው እናትዮዋ ጋ ደወለ። ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ነገራቸው። ጎረቤቶቻቸው ከችግኝ መደባቸው የተረፈውን ሰጥተዋቸው የቻሉትን ያህል መልሰው ተክለዋል። የቀረው መሬት ግን በዚያ ወቅት ባዶውን ነው የከረመው። አልተቆጡትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«በሌላ ሰው ላይስ አይደርስም?»

«በዚህ መንገድ አይደርስም» አለ ሰውየው። ከዚያ በላይ ቃል መግባት አልቻለም።

ጋሽ ወንድይራድ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። 

«ጋሼ፣ ታዲያ ትክክለኛው የማን መልስ ነበር?» አለች ትርሲት። «የወጣቱ ወይስ የባለሙያው?»

«አየሽ፣ አንቺም እንደ ሰውየው ለመፍረድ ነው የተቀመጥሽው» አሉ ጋሽ ወንድይራድ ወደ እሷ ዞረው። «እሱ የሰዎቹን ክርክር እያነበበ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወዛወዝ የከረመው ደካማ ስለነበረ አይደለም። ሁሉም ልክ ነበሩ፤ ግን የተለያየ ነገር ላይ ነበር ልክ የነበሩት። አንቺም ቢሮሽ ውስጥ ሁሉም ልክ የሚመስሉሽ ለዚህ ይሆናል። እነሱ ስለ ፍጥነት የሚጣሉ ይመስላቸዋል። ፕሮግራሙ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ምናልባት አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ስለዚህ ነገ ከማን ጋር ልቁም እያልሽ አትግቢ። አጭር ምሳሌ ጻፊና ፕሮግራሙ በዚያ ላይ ምን ማድረግ እንዳለበት እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ጠይቂ። የራስሽንም የእነሱን ሳታዪ ጻፊ፤ ከሁሉ የሚያስደነግጥሽ ያንቺው ሊሆን ይችላል።»

«ከዚያ በኋላ ጠቡ ይቆማል?»

«አይቆምም» አሉ። «ያኔ ግን የምትጣሉት በአንድ ነገር ላይ ይሆናል።»